ሁለት መታወቂያ ይዞ ወደ ሾዋክ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፤ ገዳሪፍ

የባቡር ጣቢያው ገና ከጨለማው አልተላቀቀም። ብርሃኑ ቀድሞ ያረፈው በእህል ጎተራው ማማ ጫፍ ላይ ነው፤ ከሥሩ ሐዲዱ፣ አሮጌው መጋዘን፣ የሻይ ሻጮቹ በርጩማ ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ናቸው። በዚህ ግራጫ መካከል አንድ ጥቁር የእንፋሎት ባቡር ቆሞ ይተነፍሳል።

ጊዜው የሱዳኑ ጦርነት ከመጀመሩ በፊት የነበረው ጥር ነው። ከሩቅ አገር የመጡ ሃያ የሚያህሉ የባቡር ወዳጆች ለዓመታት የተኛውን ሞተር አስጠግነው፣ የድንጋይ ከሰል ከወደብ በጭነት መኪና አስመጥተው፣ ለአንድ ቀን ሽርሽር ተከራይተውታል። ባቡሩ ሾዋክ ይደርሳል፤ ተሳፋሪው ምሳ ይበላል፤ ይመለሳል። ጭነት የለውም፤ ሾዋክ ላይ የሚጠብቀው ሰውም የለም። ሄዶ ለመመለስ ብቻ ይህን ያህል የሚደክም ሰው አይቼ ስለማላውቅ፣ ወሬውን ከሰማሁበት ቀን ጀምሮ ነገሩ አልተዋጠልኝም።

የመጣሁት ጎረቤቴን ጋሽ ደምለውን ይዤ ነው። ከአርማጭሆ ወጥተው እዚህ አገር የገቡት በወጣትነታቸው ሲሆን፣ በዚሁ መሥመር ለረጅም ዓመታት አተሽጂ ሆነው ሠርተዋል። የባቡሩን እሳት በአካፋ እየመገበ እንፋሎቱን የሚጠብቀውን ሠራተኛ ሱዳኖች እንዲህ ይሉታል። አሁን ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፤ ከብርሃንና ከጥላ በቀር ብዙ አይለዩም። አዘጋጆቹ የቀድሞ ሠራተኞችን በእንግድነት ሲጋብዙ ለእርሳቸው አንድ ቃል ሰጥተዋቸዋል፤ ከሾዋክ መልስ እሳቱን እርሳቸው ይይዛሉ። ዓይናቸው ጨርሶ ሳይጨልም አካፋ የሚጨብጡበት የመጨረሻው ቀን ይህ መሆኑን እርሳቸውም እኔም እናውቃለን።

በመግቢያው ላይ ሙዓዝ የሚባል የካርቱም ወጣት፣ የጉዞው አስተባባሪ፣ የሁላችንንም መታወቂያ ይሰበስባል።

«ሾዋክ ሲጠይቁ አንድ ላይ አሳያለሁ፤ ማታ ትወስዳላችሁ» ይላል።

እዚህ አገር በስደተኛ መታወቂያ የኖረ ሰው ያለፈበትን ካርድ አይጥልም። አዲሱን ሲያወጣ አሮጌው ጠፋብኝ ይላል። «ካርድ አምጡ» የተባለ ዕለት የሚሰጠው አሮጌውን ነው፤ የሚሠራው በጫማ ወይም በመጽሐፍ ውስጥ ይቀመጣል። ካርድ ተሰብስቦ፣ ባለቤቱም በመኪና ተጭኖ ወደ ካምፕ ሲወሰድ ያላየ ቤተሰብ በመካከላችን ጥቂት ነው። የስደተኞች ጽሕፈት ቤት ያለው፣ መኪኖቹም የሚነሡት ደግሞ ከሾዋክ ነው። ስለዚህ ትናንት ጋሽ ደምለውን መክሬ፣ የሁለታችንንም የሚሠራ ካርድ በማስታወሻ ደብተሬ ሽፋን ውስጥ አስገብቻለሁ። ለሙዓዝ አሮጌዎቹን ሰጠነው።

«እጄ አፈረ» አሉኝ ወደ ፉርጎው ስንወጣ።

«ማታ የሚመልስልን ከሆነ ምን ይጎድልብዎታል?»

«አንተ መምህር፣ ስታገባም ለቄሱ የአጎትህን ስም ነው የምትሰጠው።»

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል፤ ሜዳ

ባቡሩ እጅግ ቀስ ይላል። አህያ ላይ የተቀመጠ ገበሬ ከጎናችን እየሄደ ከተሳፋሪዎች ጋር ረጅም ሰላምታ ተለዋውጦ ጨረሰ። ግራና ቀኙ የተሰነጣጠቀ ዋልካ፣ የታጨደ ማሽላ አገዳ፣ አልፎ አልፎም በጆንያ የተከመረ ሰሊጥ ነው።

ቤትም ዛፍም በሌለበት ስፍራ ቆምን። ሙዓዝ በየፉርጎው እየዞረ ሁሉም ሰው እንዲወርድ አዘዘ፤ መታወቂያዎቹን የከተተበትን ቦርሳ ግን ይዞ አልወረደም። ሁላችንም መሬት ከረገጥን በኋላ ባቡሩ ባዶውን ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ።

ካርዳችን ከቦርሳው፣ ቦርሳው ከባቡሩ፣ እኛ ከሜዳው። በዙሪያችን የጭነት መኪና አቧራ ይታይ እንደሆነ አራቱንም አቅጣጫ መረመርኩ።

«ወደ ኋላ እየሄደ ነው?» አሉ ጋሽ ደምለው ክንዴን ይዘው።

«አዎ።»

«ሰዉስ?»

«ሁሉም እዚህ ነው።»

የውጭ አገር ሰዎቹ ግን አልደነገጡም። ካሜራቸውን ደግነው በአንድ መሥመር ተሰልፈዋል። ባቡሩ ከሩቅ እየጮኸ ተመለሰ፤ ጥቁር ጭስ ሰማዩን ሸፍኖ በፊታችን ካለፈ በኋላ ቆመ። ሰዎቹ አጨበጨቡ። ለፎቶግራፍ ብቻ ተብሎ የተደረገ መሆኑን፣ ጥቁሩን ጭስም ነጂውን ለምነው እንዳስወጡት የነገረን ሙዓዝ ነው። አነጋገሩ የቅን ሰው ነበር፤ ይህም ጥርጣሬዬን አልቀነሰውም።

ጋሽ ደምለው በሜዳ መጣላቸውን ከቁብ አልቆጠሩትም። አፍንጫቸውን ቀና አድርገው ያሸታሉ።

«በእኔ ጊዜ እንዲህ ያጨሰ ሰው ደመወዙ ይቆረጥ ነበር። ከሰሉን አፍነውታል። እሳት በደንብ ከተያዘ ጭሱን ፈልገህም አታገኘው።»

«ጥቁር ይሁንልን ያሉት እነርሱ ናቸው።»

«ጥቁር ጭስ የሚወድ የባቡር ወዳጅ? አሁንስ እኔም ጠረጠርኩ።»

ቀትር 6 ሰዓት፤ ሾዋክ

ከጣቢያው ጥላ ሥር ፉል በሰሊጥ ዘይት፣ ጠሚያ የሚሉት የሽምብራ ጥብስና ትኩስ ዳቦ ቀረበልን። ሁለት ጉርሻ እንደበላን ሁለት ስም ተጠራ፤ የጋሽ ደምለውና የእኔ።

በጣቢያው ቢሮ ውስጥ አንድ መኮንን የካርዶቻችንን ክምር ከፊቱ ዘርግቷል። ሁለቱን ለብቻ አውጥቷቸዋል።

«እነዚህ ሞተዋል» አለ። «ዛሬ ቅዳሜ ዝግ ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ ነገ እሑድ ይከፈታል። እስከዚያ እዚህ ትቆያላችሁ፤ ካምፕ ትሂዱ አትሂዱ የሚወስኑት እነርሱ ናቸው።»

ባቡሩ የሚነሣው በስምንት ሰዓት ነው። ጋሽ ደምለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በአማርኛ «አውጣው» አሉኝ።

«ሁለት ካርድ መያዝ ራሱ ወንጀል ቢሆንስ? አንዱ የሐሰት ነው ቢሉንስ?»

«ትሰማለህ? አመድ እየጠረጉ ነው። እሳቱን ለሌላ ሰው ሊያስይዙት ነው።»

እሰማ ነበር። የአካፋው ድምፅ በግድግዳው አልፎ ይመጣል። ደብተሬን በብብቴ አጥብቄ ያዝኩ። የሚያድነን ወረቀት ከደረቴ አንድ ስንዝር ርቆ ሳለ፣ ያን ወረቀት ከማሳየት እሑድን መጠበቅ የሚሻል መስሎ ታየኝ። እንዲህ ያለው ሐሳብ እንዴት ልክ ሊመስለኝ እንደቻለ አሁን ለማስረዳት ይቸግረኛል።

ከዚያ ሙዓዝ ገባ። መኮንኑን በአክብሮት ሰላም ብሎ የራሱን መታወቂያ ከኪሱ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ዓም ደምለው» አለ፤ በዐረብኛ እንደ «ጋሽ» ያለ ጥሪ ነው። «የእኔ እንግዳ ነው። ይህ አንተ ዘንድ ይቀመጥ። እሑድ ሁለቱንም ራሴ ይዣቸው ካልመጣሁ፣ እኔን ጠይቀኝ።»

ለማያውቃቸው ሰዎች ሲል መታወቂያውን የሚያስይዝ ሰው አይቼ አላውቅም። አንገቴን ዘለግ አድርጌ በካርዱ ላይ ያለውን ቀን አነበብኩ። አላለፈበትም። የሚሠራውን ነበር የሰጠው።

ደብተሬን ገለጥኩ፤ ሁለቱን ካርዶች አውጥቼ ከእርሱ ካርድ አጠገብ አስቀመጥኳቸው።

መኮንኑ አላመናጨቀኝም። እያገላበጠ አያቸውና የደከመው ሰው ፈገግታ አሳየ።

«የእናንተ ሰው ሁሉ ሁለት አለው። ለእኔ የሚደርሰኝ ግን ሁልጊዜ የሞተው ነው።» አሮጌዎቹን መሳቢያው ውስጥ ጥሎ ቆለፈባቸው፤ የሚሠሩትን ሁለቱን ለእኔ፣ የሙዓዝንም ለራሱ መለሰ። «ሽማግሌው ይሂዱ። ይህን የመከራቸው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው አንተ ቁጭ በልና ለምን እንደደበቅህ ጻፍ። ስትጨርስ የአውቶቡስ ይለፍ እሰጥሃለሁ።»

ጋሽ ደምለው በሙዓዝ ክንድ እየተመሩ ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ዞሩ። ሁለቱ ካርዶች አሁንም እኔ ዘንድ ናቸው፤ ስለ እነርሱ ግን አልጠየቁም።

«መምህር፣ በመስኮት ጭሴን እይልኝ። እኔ አላየውም።»

ከቀኑ 8 ሰዓት ከሩብ፤ እዚያው

የመጀመሪያውን ገጽ አጋምሼ ሳለ ባቡሩ ጮኸ። መኮንኑ ሳይከለክለኝ ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ። ከጭስ ማውጫው መጀመሪያ ግራጫ፣ ቀጥሎ እንደ ተነፋ ዱቄት የሳሳ ነገር ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ከማውጫው በላይ የሚርገበገብ አየር ብቻ ቀረ። የባቡር ወዳጆቹ በፉርጎው መስኮቶች ግማሽ አካላቸውን አውጥተው ካሜራ ደግነዋል። አንዱ ጥቂት ጠብቆ ካሜራውን አወረደ። ሞተሩ ግን ጠዋት ባላየሁበት ብርታት ፉርጎዎቹን እየጎተተ ከመታጠፊያው ተሰወረ።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። «ለምን ደበቅህ» ለሚለው ጥያቄ ሦስት ምክንያት ጽፌ ነበር። ሁለቱን ሰረዝኩ፤ «ፈርቼ ነው» የሚለው ብቻ ቀረ።

ከምሽቱ 12 ሰዓት፤ ገዳሪፍ

አውቶቡሱ ከባቡሩ ይፈጥናል። የከተማው መግቢያ ኬላ ላይ ወታደሩ መታወቂያ ሲጠይቀኝ እጄ በልማድ ሌላ ካርድ ፍለጋ ሄደ። ሌላ የራሴ ካርድ አልነበረም። ያለኝን ሰጠሁት፤ አየና መለሰልኝ።

ጣቢያው ቆሜ ስጠብቅ ባቡሩ ገባ። ጋሽ ደምለውን ነጂውና ሙዓዝ ደግፈው አወረዷቸው። ፊታቸው፣ ክንዳቸው፣ ነጭ ጀለቢያቸው ሁሉ ከሰል ነው። በድምፄ ለይተውኝ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ጭሱስ?»

«አልታየም።»

«እንድደሰት ብለህ ነው?»

«አይደለም፤ እውነቴን ነው።»

ፊታቸውን ወደ ሙዓዝ አዙረው በዐረብኛ ያንኑ ጠየቁት።

«ዓም ደምለው፣ ሰዎቹ አዝነዋል» አለ ሙዓዝ። «መንገዱን ሁሉ አንድ ደህና ፎቶ አልወጣልንም ይላሉ።»

ጋሽ ደምለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንድ ጊዜ፣ በቀስታ። ቀጥሎ መዳፋቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

«ካርዴን አምጣ።»

ከደብተሬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። በጥቁር ጣታቸው ዳሰሱት፤ በስማቸው ላይ የከሰል አሻራ ቀረ። በደረት ኪሳቸው ጨመሩትና ከላይ መታ መታ አደረጉት።

«ከዛሬ ጀምሮ እኔው እይዘዋለሁ» አሉ፤ ወደ ቤት ለመሄድም ክንዴን ያዙ።