አያቴ የሮጡበት አቅጣጫ

ልጅ ሳለሁ፣ ነቀምቴ ላይ ክረምት ገብቶ መብራት በጠፋ ቁጥር፣ የአባቴ ታላቅ እህት አዳዳ ቶላሺ ኩራዙን ለኩሳ በምድጃው ዙሪያ ትሰበስበን ነበር። የፊዚክስ አስተማሪ ነበረች። ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ ፍም ላይ የጠበስነውን በቆሎ እየፈለፈልን እንሰማታለን።

አንድ ምሽት፣ «ኢጆሌ» አለችን፣ ልጆች ማለቷ ነው፤ «ይሄ ጀሪካን አምስት ሊትር ይይዛል ብላችሁ፣ ወዴት? ትሉኛላችሁ?»

ሳቅን።

«አትሉኝም። ቁጥሩ ብቻ ይበቃል፤ እንዲህ ያለው ስኬላር ነው። ስለ ወንዝ ጉዞ ስትነግሩኝ ግን ፍጥነቱን ብቻ ሳይሆን ወዴት እንደሚሄድም ንገሩኝ። እሱ ቬክተር ነው።»

ከዚያ ስለ አንገር ወንዝ አወራችልን። ያኔ እሷም ልጅ ናት፤ ቤተሰቡ አንገር ጉቲን የሚባል ቦታ ያርስ ነበር። ወንዙ በሞላበት ቀን ሲሻገሩ ትንሽ ወንድሟን ድንጋይ አዳለጠውና ውሃው ይዞት ሄደ። ዋና የሚችል ጎረቤታቸው ወዲያው ዘሎ ገባ፤ ክንዱ ብርቱ ነበር፣ ግን ወደ ልጁ በዋኘ ቁጥር ልጁ ከነበረበት የለም። አያቴ ደግሞ ፊታቸውን አዙረው በዳርቻው ቁልቁል መሮጥ ጀመሩ።

«አባ! ወዴት ነው? ጥለኸው ልትሄድ ነው?» ብላ ጮኸች።

እሳቸው ግን ሮጠው ልጁን ከቀደሙት በኋላ ውሃው ውስጥ ገቡ፤ ወንዙ ልጁን ወደሚያመጣበት መስመር አግድም ዋኙ።

«ጎረቤታችን ጉልበት አላነሰውም» አለች አዳዳ፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ። «አባቴ ግን ወንዙ የሚሄድበትን አቅጣጫ ከራሱ ጋር ደመረው።»

«ወንድምሽስ ተረፈ?» አልኳት።

በኩራዙ ብርሃን ማዶ ወደ አባቴ ተመለከተች። ያኔ ነው የገባኝ።

አባቴ ፍሙን እያየ፣ «ሰው ከኋላዬ ይደርስብኛል ብዬ ነበር የምጠብቀው» አለ። «የአባቴ እጅ የመጣው ግን ከፊቴ ነው።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር። ተጠግቼ ጆሮዬን አባቴ ደረት ላይ አሳረፍኩና ልቡ ሲመታ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት ብዙ ቬክተር ደምሬያለሁ፣ ብዙውንም ረስቼዋለሁ። እኔ ከመወለዴ በፊት አንድ ሰው ወዴት እንደሮጠ ሳስብ ግን ዛሬም እንደዚያ ምሽት የአባቴ ልብ ሲመታ ይሰማኛል።