ዘጠኝ ጉድጓድ ጎልፍ እና የአጎቴ «እለፉ»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልብስ እያሰጣሁ ሳለ የእናቴ ስልክ ጠራ።

«ሲፈን የምትባለው አንቺ ነሽ? ጫልቱ እባላለሁ፤ የጎልፍ ሜዳው አሠልጣኝ ነኝ። የጻፍሽውን አነበብነው። ቅዳሜ መጥተሽ ሙሉ ዙር ተጫወቺ። ዱላውም ኳሱም ከእኛ ነው።»

የወንድሜን እርጥብ ሹራብ እንዳቀፍኩ ግቢውን ዞርኩት። የጻፍኩት ነገር እኮ አጭር ነው። ባለፈው ወር አንድ የወጣቶች ገጽ ላይ ወጣልኝ። ከአምቦ ወደ ወንጪ በሚወጣው መንገድ ላይ ያለው ጎልፍ ሜዳ በሩ ላይ «ለሕዝብ ክፍት» ብሎ ጽፏል፤ ከኛ ከተሞች ግን አንድም ልጅ ገብቶ ሲጫወት አላየንም። እኛ ደግሞ በገና ሰሞን ቂሌ እየተጫወትን፣ በቆልማማ ዱላ ድቡልቡል እንጨት እየመታን ያደግን ነን። ታዲያ ለምን አንሞክርም? ይኸው ነው። እስካሁን የጻፍኩትን የሚያነቡልኝ የአማርኛ መምህሬና እህቴ ነበሩ፤ እህቴም ተለምና ነው። አሁን ግን የማላውቀው ሰው አንብቦ ደወለ።

አዴ ጫልቱ (እኛ ወይዘሮን አዴ ነው የምንለው) አንድ ነገር አከሉ። ዘጠኙንም ጉድጓድ የጨረሰ ልጅ የቅዳሜ ሠልጣኝ ሆኖ ይመዘገባል። ያልጨረሰ ክረምቱ እስኪወጣ ይጠብቃል። ወደ ማታ ጉድጓዶቹ ላይ ያሉት ባንዲራዎች ይነቀላሉ፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታ የለም።

«ስለዚህ በጊዜ ነይ» አሉኝ።

ቅዳሜ ንጋት፣ እጃጂ

ብቻዬን እንድሄድ እናቴ አልፈቀደችም። አብሮኝ የሚሄደው ወንድሟ ኦቦ ቶለሳ ነው። ጤና ጣቢያችን ውስጥ ነርስ ነው። እኔ ኤሱማ እለዋለሁ፤ በኦሮምኛ የእናት ወንድም ማለት ነው። ጫማውን ካሰረ በኋላ በር ላይ ቆሞ ለመንገዳችን ጸለየ። አሜን ስንል ውጪው ገና ድንግዝግዝ ነበር።

መናኸሪያው ውስጥ ወደ አምቦ የሚሄድ አባዱላ ሊሞላ ደርሷል። ከሾፌሩ ጀርባ ሁለት ቦታ አገኘንና ተቀመጥን። አንዲት እናት ልጅ አዝለው መጡ። ኤሱማ «ይግቡ እናቴ» ብሎ ተነሣላቸው። እሺ፣ ይሄ ልክ ነው። እሱ ሌላ ቦታ ፈልጎ ሳይቀመጥ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ መጣና «ሠርግ አለብኝ» አለ። ኤሱማ ወረደ። እኔንም አወረደኝ።

«ሠርጉ የሱ አይደለም እኮ» አልኩት።

«ቢሆንስ ባይሆንስ? ሌላ መኪና አለ።»

ሌላው መኪና ባዶ ነበር። እስኪሞላ ፀሐይ ወጣች። ረዳቱ በሩን ሲዘጋ «ኦቦ ቶለሳ፣ አንተ እኮ ለጎማውም ታዝንለታለህ» አለው። ኤሱማ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ጠዋት፣ ጌዶና ጉደር

ጌዶ ትበርዳለች። ጭጋጉ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉትን ባሕር ዛፎች እስከ ወገባቸው ውጧቸዋል። በቆምንበት ቤት ሻዩ ትኩስ፣ ቦምቦሊኖው የትናንት ነው። ሾፌሩ በመስታወቱ እያየ ጠየቀኝ።

«ጉዞው ወዴት ነው?»

«ጎልፍ ልጫወት።»

«ያ ኳሱ የማይታየው?»

«ይታያል።»

«በቴሌቪዥን አይታይም። ሰውዬው ይመታል፣ ሁሉም ወደ ሰማይ ያያል። እኔም አብሬ ቀና እላለሁ፤ የማየው ግን የቤቴን ኮርኒስ ነው።»

መኪናው በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ጭምር። ከጌዶ ቁልቁል ስንወርድ ሹራቤን አወለቅኩ። ጉደር ላይ መንገዱ ዳር ቀይ ሽንኩርት በጆንያ፣ ቲማቲም በሳፋ ተደርድሯል። አንዲት ሻጭ በመስኮት ቲማቲም እያሳየች «ኮቱ፣ ኢንተላ! ነይ ልጄ፣ ቅመሺ» አለችኝ። መቅመስ ፈልጌ ነበር፤ መኪናው ሄደ።

ረፋድ፣ አምቦ

አምቦ መናኸሪያ ያለፍነውን ወረፋ፣ ይቅርታ፣ ያሳለፍነውን ወረፋ ባልናገር ይሻላል። ሁለት መኪና ሄደብን ብቻ ልበል። ሦስተኛው ላይ እኔ ቀድሜ ገባሁና የኤሱማን እጅጌ ይዤ ሳብኩት።

ወደ ወንጪ የሚያወጣው መንገድ ግን ንዴት ያስረሳል። እንሰቱ ከየቤቱ ጀርባ ቅጠሉን ዘርግቷል። ገብሱ አረንጓዴ ነው። ድንች የጫኑ ፈረሶች በመንገዱ ዳር ይሰለፋሉ። አየሩ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ጆሮዬ ተደፈነ። ኤሱማ «ምራቅሽን ዋጪ» አለኝ፤ ዋጥኩ፤ ተከፈተ።

እኩለ ቀን፣ ሜዳው በር ላይ

ጥበቃው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

«የተጫዋቾች ቦርሳ ለመሸከም ከሆነ በጓሮው በር ነው።»

«ልጫወት ነው የመጣሁት።»

«ከማን ጋር?»

«ከኳሱ ጋር።»

ኤሱማ በጎን ጎሰመኝ። እኔ ግን ከጥበቃው ራስ በላይ ያለውን ጽሑፍ እያየሁ ነበር። «ለሕዝብ ክፍት» ይላል። ሕዝብ ሲመጣ በጓሮ ነው እንዴ የሚገባው?

አዴ ጫልቱ አጠር ያሉ፣ ቆብ ያደረጉ፣ ፈጣን ሴት ናቸው። እጄን ጨበጡ፣ የዱላዎቹን ቦርሳ ለኤሱማ አሸከሙት፣ ሕጉን እየሄዱ ነገሩን። ኳሱን ከመነሻው መምታት፤ ባለበት እየተከተሉ እንደገና መምታት፤ ባንዲራው ሥር ያለው ጉድጓድ ውስጥ እስኪገባ። ከዚያ ወደሚቀጥለው መነሻ። በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦

«ከኋላችሁ ፈጣን ተጫዋች ከመጣ ደግሞ ማሳለፍ ጨዋነት ነው።»

የኤሱማ ፊት በራ። «ጥሩ ጨዋታ ነው» አለ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ከሰዓት፣ ሜዳው ውስጥ

የመጀመሪያው ምቴ ቂሌ ነበር። እጆቼን አራርቄ ያዝኩ፣ ዝቅ ብዬ መታሁ፣ ኳሷም በሣሩ ላይ እንደ አይጥ ሮጠች። በሁለተኛው ጉድጓድ እጆቼን አቀራረብኩ። ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። ኳሷ ተነሣች፣ ጥዶቹን አለፈች፣ ሰማዩ ላይ ትንሽ ቆየችና ወረደች። ሾፌሩን አስታወስኩት፤ በደንብ ትታያለች። በሕይወቴ ከዚያ ድምፅ የሚበልጥ ነገር በእጄ አላወጣሁም፤ ከጽሑፉ በቀር።

ሦስተኛው መነሻ ላይ ዱላዬን እንዳነሣሁ ባልና ሚስት ከኋላችን ደረሱ። ካዲስ አበባ የመጡ ይመስላሉ።

«እለፉ፣ እለፉ» አለ ኤሱማ። «እንግዳ ናችሁ።»

«እኛስ?» አልኩት በኦሮምኛ፣ እንዳይሰሙ።

«እኛ የአገሩ ነን። የትም አንሄድም።»

አለፉ። ሚስትየዋ አመስግና፣ ኳሷን ቁጥቋጦ ውስጥ ከተተች። ፍለጋው ረዘመ። ፈጣን ተጫዋች ይለፍ አሉ እንጂ አዴ ጫልቱ፣ እንግዳ ሁሉ ይለፍ አላሉም።

አራተኛው ጉድጓድ ያለበት ጉብታ ላይ ስትቆሙ የወንጪ ሐይቅ ከታች ይታያል፤ ጭጋግ ሲገለጥ ሰማያዊ፣ ሲመለስ ምንም። እዚያ ደግሞ ሙዚቃ የከፈቱ አራት ወጣቶች ደረሱብን። «እለፉ።» አለፉና ከኳሱ ይልቅ እርስ በርሳቸው ፎቶ ተነሡ። አንዱ ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሐይቁን ሲያይ፣ ሌላው «ቆይ፣ ጭጋጉ ይሂድ» ይላል። ጭጋጉ አልሄደም። እኛም አልሄድንም። ከነሱ በኋላ አንድ ቤተሰብ ከነልጆቹ መጣ። «እለፉ።» ከቤተሰቡ በኋላ የመጡትን መግለጽ ሰለቸኝ።

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ተናድጄ ነው የምጽፈው። ይሄ የኤሱማ ጠባይ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት። ቤታችን ያለውን ምርጥ ወንበር የማንቀመጥበት እኛ ነን። ጥሩው ብርጭቆ ከቁም ሳጥን የሚወጣው ለሌላ ሰው ነው። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅን እጃችንን የማናወጣው «ሌላው ይበል» ብለን ነው። ከዚያ አንድ ቀን ሜዳው በአጠገባችን ተሠርቶ፣ ለሕዝብ ክፍት ተብሎ፣ ሕዝቡ መነሻው ላይ ቆሞ «እለፉ» ይላል። በር ላይ ያለው ሰውዬ ቦርሳ ተሸካሚ ቢያደርገኝ ምን ይገርማል?

«ኤሱማ፣ ማንም አልጠየቀንም» አልኩት።

«ሳይጠየቁ መስጠት ነው ጥሩው።»

«የምትሰጠው ግን የኔን ነው።»

ቦርሳውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። ጥላችን ረዝሟል። ከታች፣ ሣሩን የሚንከባከበው ሜዳ ጠባቂ የመጀመሪያውን ጉድጓድ ባንዲራ ሲነቅል አየሁት።

አመሻሽ፣ ስምንተኛውና ዘጠነኛው

ስምንተኛው መነሻ ላይ ሦስት ሰዎች መጡ። አንዱ ጥቁር መነጽር አድርጓል። ኤሱማ ኮፍያውን ማውለቅ ጀመረ። ኮፍያው ከራሱ ሳይለይ ኳሷን አስቀምጬ መታሁ።

«ይቅርታ አድርጉልን» አለ ኤሱማ። «ልጅ ናት።»

«ለምኑ?» አለ ባለመነጽሩ። «ጥሩ መታች። እኛ ደግሞ ከታች ሆነን፣ እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው የሚቆሙት እያልን ነበር። ኳስ የጠፋባችሁ መስሎን።»

«ተራችሁን ልንሰጣችሁ ነበር» አልኩ።

«ማን ቸኮለ ብሎ?»

ክፉ ሰዎች ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። መልካም ሰው ላይ መናደድ ያደክማል። ግን ያለፉት ሁሉ አለፉ እኮ፤ አንዳቸው እንኳ ዞር ብለው «አንቺስ?» አላሉም።

ስምንተኛውን ጨርሼ እየሮጥኩ ነው ዘጠነኛው ላይ የደረስኩት። ከመነሻው መታሁ፤ እንደገና መታሁ፤ ኳሷ ጉድጓዱ አካባቢ ያለው ለስላሳ ሣር ላይ ቆመች። ሜዳ ጠባቂው ግን ባንዲራውን ነቅሎ በብብቱ ይዟል።

«ተዘግቷል» አለኝ። ከዚያ ከኋላዬ የሚመጡትን ሦስቱን አየና ባንዲራውን መልሶ ተከለ። «ኑ ጌቶቼ፣ እናንተ ጨርሱ።»

«ከተተከለማ እኔ እቀድማለሁ» አልኩት።

«አንቺ ምን ያስቸኩልሻል? የአገር ልጅ ነሽ፣ ሌላ ጊዜ ትመጫለሽ። እንግዶቹ መንገድ አለባቸው።»

ኤሱማን ዞር ብዬ አየሁት። ቀኑን ሙሉ ሲለው የዋለውን ቃል ከሌላ ሰው አፍ መስማቱ ነበር። ፊቱ ተለወጠ። ቦርሳውን አወረደና ሣሩ ላይ አስቀመጠው።

«ተራዋ ነው» አለ።

አልጮኸም። ጤና ጣቢያ በር ላይ ቆሞ ተረኛ የሚጠራበት ድምፅ ነው። እዚያ በር ላይ ባለ ሱፍም ባለ ሥልጣንም ከታመመ ልጅ ፊት ገብቶ አያውቅም። ያንን ድምፅ ከጤና ጣቢያው ግቢ ውጪ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።

«እንግዶቹ ግን...» አለ ሜዳ ጠባቂው።

«ይጠብቃሉ። ተራዋ ነው።»

ባለመነጽሩ ኳሱን ከመሬት አንሥቶ ኪሱ ከተተና ወደ ኋላ ቆመ። «ቀጥዪ፣ እህት» አለኝ።

የመጀመሪያው ምቴ ጉድጓዱን አልፎ ሄደ። ሁለተኛው አፋፉ ላይ ቆመ። እጆቼን ይበልጥ አቀራረብኩ። ሦስተኛው ገባ።

ማታ፣ አምቦ

ይህንን የምጽፈው በኤሱማ ሚስት እህት ቤት ነው፤ እጃጂ ለመመለስ መሽቶብናል። ኤሱማ ከእራት ሲነሣ «እጅሽን ስታቀራርቢ ነው የሚሄድልሽ» አለኝ። ጎልፍ ሲያይ ነው የዋለው ማለት ነው፤ እኔ ሰው ሲያሳልፍ ብቻ የዋለ መስሎኝ ነበር።

ተመዝግቤያለሁ። አዴ ጫልቱ ስሜን ከጻፉ በኋላ ቀና ብለው «ብቻሽን አላሠለጥንሽም፤ ሌሎች አምጪ» አሉኝ። ስለዚህ ግብዣውን ለእናንተ አስተላልፋለሁ። ከእጃጂ፣ ከጌዶ፣ ከጉደር፣ ከጊንጪ፣ ቂሌ መትታችሁ የምታውቁም የማታውቁም፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ ቅዳሜ ጠዋት ኑ። ሹራብና የተዘጋ ጫማ ይበቃችኋል፤ ዱላ እዚያ አለ። በዋናው በር ግቡ። እኔ መነሻው ላይ እጠብቃችኋለሁ፤ ቀድሜ ከደረስኩ ግን ቀድሜ እመታለሁ።