ታምሩ ያላስጻፈው ደብዳቤ

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ታምሩ ከሰፈራ አምባው ወደ አሶሳ መጥቶ ቅዳሜና እሁድን እኔ ቤት ሰነበተ። ከተማ ስንዞር፣ ቴሌቪዥን ስናይ፣ ስንስቅ ሁለቱ ቀን አለቀና ሰኞ ጠዋት ሸኘሁት። የመጣው ግን ለጨዋታ አልነበረም። የጠፋች እህቱን በቴሌቪዥን ለማፈላለግ ደብዳቤ ሊያስጽፈኝ ነበር። ይህን ያወቅሁት ከቀበርነው በኋላ ነው።

ከታምሩ ጋር የተዋወቅነው በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ከወሎ ወደዚህ ባመጣን መኪና ላይ ነው። ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ብዙወርቅ የምትባል የዐሥራ ሦስት ዓመት እህት ነበረችው። ከድርቁ መጠለያ ሲጭኑን ልጆቹ በኋላው መኪና ይመጣሉ፣ መድረሻው አንድ ነው ተባለ። አምኖ ተሳፈረ። የኋላው መኪና አሶሳ አልደረሰም። ያንን ክረምት ሙሉ፣ የመኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር ታምሩ ሥራውን ጥሎ ወደ መንገዱ ይሮጥ ነበር።

ኋላ ትዳር ያዘ፤ ማሽላና ለውዝ እያመረተ ስድስት ልጆች አሳደገ። አምባው ውስጥ ቤት የሚያቆም ሰው ሁሉ ቀርከሃ የሚያስፈልጠው እሱን ጠርቶ ነው። ሰው ሲጠራው እምቢ ማለት አያውቅም። ለራሱ ጉዳይ ግን ሰው አያስቸግርም። በአርባ ዓመት ወዳጅነታችን "ይህን አድርግልኝ" ሲለኝ አልሰማሁም። አንድ ጊዜ ስለ እህቱ ሲያነሳ፣ "ሞታ ይሆናል፣ ተወው" አልኩት። ከዚያ ወዲህ በእኔ ፊት ስሟን አልጠራም።

እኔ ከአምባው ወጥቼ አሶሳ የመጋዘን ዘበኛ ሳለሁ፣ በሃምሳ ዓመቴ፣ ጆንያ ላይ ከተጻፈው ፊደል ለቅሜ ማንበብና መጻፍ የቻልኩ ሰው ነኝ። ማመልከቻም ሆነ ደብዳቤ የሚያስጽፍ የአምባው ሰው ወደ እኔ ይመጣል። ታምሩም ይህን ያውቃል።

ያን ቅዳሜ አንድ ዶሮና አንድ ከረጢት ለውዝ ይዞ ከባጃጅ ወረደ። ጎረቤቴ ሐመድ ገበያው ዳር ልብስ የሚሰፋ የበርታ ሰው ነው፤ የታምሩን መምጣት ሲሰማ ሱቁን ዘግቶ መጣ።

"ታምሩ፣ አንተ ገና አለህ? እኔ አልቅሼልህ ጨረስኩ" አለው።

"አንተ የሰፋኸውን ሱሪ ለብሼ በሐፍረት አለመሞቴ ነው የሚገርመው። ገበያ መሐል ተተረተረ።"

"ሱሪው ምን አደረገ? ሆድህ ነው የጨመረ።"

ባጃጅ ተኮናትረን ከተማውን አዞርነው። አዲሱን አስፋልት፣ ፎቆቹን፣ የማንጎ ዛፍ የተሰለፈበትን መንገድ አሳየሁት። አውሮፕላን ማረፊያው አጥር ጋ ቆመን አውሮፕላን ሲያርፍ አየን። ታምሩ የሚወርዱትን መንገደኞች አንድ በአንድ ይመለከት ነበር።

"ይሄ ሁሉ ሰው ዘመድ ፍለጋ ነው የሚመጣው?" አለኝ።

"ለሥራ ነው እንጂ" አልኩት። 

በእኛ ዘንድ እንግዳን እስከ ሦስተኛው ቀን ድረስ "ምን ጉዳይ አመጣህ?" ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ "መቼ ትሄዳለህ?" እንደ ማለት ይቆጠራል። እንግዳውም ሳይጠየቅ ጉዳዩን አያወጣም። ሐመድም በእነሱ "ደይፍ ሦስት ቀን አይጠየቅም" ይላል፤ እንግዳን ደይፍ ነው የሚሉት። እኔም ጉዳይ እንዳለው ጠርጥሬ፣ ሰኞ ማታ እጠይቀዋለሁ ብዬ ነበር።

እሁድ ከሰዓት ሦስታችን ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጥን። አንዲት ሴት ማይክራፎን ይዛ ታለቅሳለች።

"ያ ሴትዮ ለምን ያለቅሳል?" አለ ሐመድ።

"ወንድሟ ጠፍቶባት ነው" አለ ታምሩ። ከወንበሩ ወደ ፊት መጥቷል። "ደብዳቤ ከተጻፈላቸው ያፈላልጋሉ አሉ። ያገኙም አሉ።"

"በሰንበት ምን ለቅሶ ያሳየናል" አልኩና ወደ ኳሱ ቀየርኩት።

ታምሩ አየት አደረገኝ። ከዚያ ፈገግ ብሎ "ኳሱም ደግ ነው" አለ። ጎል ሲገባ ከሐመድ ጋር እጅ ተማቱ።

ሰኞ በማለዳ ሚስቱ ስርጉት ደወለች። ዝንጀሮ ማሽላው ውስጥ ገብቷል፣ ድረስ አለችው። ሦስተኛው ቀን እንዲህ ገና ሲጀምር ተቆረጠ። መንገድ ድረስ ሸኘሁት። እጄን ይዞ ቆየ።

"ወንድሜ እንዳለ፣ አሁንም ትጽፋለህ?"

"ዓይኔ ደከመ እንጂ እጄስ ደህና ነው።"

"እንግዲያ በሌላ ጊዜ" አለና ተሳፈረ።

በዚያች ሰዓት መጠየቅ ይቻል ነበር። ባጃጁ ላይ ሰው ሞልቷል፤ እንግዳዬን በሰው ፊት ጉዳይህ ምንድን ነው ማለት አፈርኩ።

የካቲት ላይ ትኩሳት ይዞት በአራተኛው ቀን ዐረፈ። ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ ስርጉት ወደ እኔ ቀረብ አለች።

"ጋሽ እንዳለ፣ ደብዳቤውን ሳይጽፉለት ቀሩ?"

"የምን ደብዳቤ?"

"የእህቱን ነዋ። ሲጠይቀኝ እነግረዋለሁ እያለ ነበር የወጣው። ሲመለስ፣ ምነው ስለው፣ ደስ ብሎን ሰነበትን ብቻ አለኝ።"

በዚያው ሳምንት ጻፍኩት። አንድ ገጽ አልሞላም። በቴሌቪዥን ከተነበበ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከፓዊ ስልክ ተደወለ። ብዙወርቅ በሕይወት አለች። አርባ ዓመት ሙሉ ከአባይ ማዶ፣ በዚሁ በእኛ ክልል ነበረች።

ሚያዝያ ላይ ሦስት ቀን ተጉዛ መጣች። መቃብሩ ጋ ወሰድኳትና የሆነውን ሁሉ፣ ቴሌቪዥኑን የቀየርኩትን ጭምር፣ ሳልደብቅ ነገርኳት። ይቅር በይኝ አልኳት። እንድትቆጣኝ ተዘጋጅቼ ነበር።

"ምኑን ጋሼ? እንግዳ አክብረው ነው የሸኙት። እኛስ ጋ መች ይጠየቃል?"

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከመቃብሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። አፈሩን በእጇ ዳብሳ ቀና አለችና፣

"ጸጉሩ ሸብቶ ነበር?" አለችኝ።

"ነጭ ሆኖ ነበር" አልኳት።