ጋሽ ደቂቃና አደራ የተሰጣቸው ድኩላ

ጋሽ ደቂቃ እንላቸዋለን፤ ሰዓት ሠሪ ናቸው። ሱቃቸውን ከእኔ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው፤ እሳቸው ሲያስነጥሳቸው እኔ ከዚህ ሆኜ «ይማርዎ!» እላለሁ። አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ዓይናቸው ላይ ማጉያ መነጽር ሰክተው፣ ለዓይን የሚያስቸግር ብሎን ሲፈቱ ኖረዋል። የሰው ሰዓት ሦስት ደቂቃ ከተዛነፈ ሰላምታቸውን ያቋርጡና «እስቲ አምጣው ወዲህ» ይላሉ። አያስችላቸውም።

የልጃቸው ቤተሰብ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር፣ የስምንት ዓመት የልጅ ልጃቸው አሮጌ ላፕቶፗን ትታላቸው ሄደች። ላፕቶፑ ላይ ድኩላ አለች። የእውነት አይደለችም፤ ኢንተርኔት ላይ የሚከፈት የልጆች ጨዋታ ነው። ቅጠል ያበሏታል፣ ውሃ ያጠጧታል፣ ጀርባዋን ይቦርሹላታል። ሦስት ቀን ከተረሳች ግን ወደ ጫካ ትገባለች፣ አለቀ፣ አትመለስም። ልጅቷ መኪና ውስጥ ሆና በመስኮት «አባባ፣ አደራ! እንዳይርባት!» ብላ ጮኸች። አደራ ከተባሉ ደግሞ እኚህ ሰውዬ እንቅልፍ የላቸውም።

በየጠዋቱ ላፕቶፑን ታቅፈው እኔ ዘንድ ከች ይላሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ቅጠሉን ነካሁት፤ አልበላችም።»

«ጋሼ፣ ይዘው ይጎትቱት እንጂ!»

«ወዴት?»

«ወደ አፏ ነዋ!»

«አፏ የቱ ጋ ነው?»

በስመ አብ! ደንበኛ ተሰልፎ እኔ ድኩላ አበላለሁ። ግን ልዋሽ እንዴ? ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እኔው ራሴ ገና በር ላይ ሳያቸው «በላች?» ማለት ጀምሬ ነበር።

አንድ ጠዋት ፊታቸው አመድ መስሎ ገቡ። «የለችም» አሉ። ስክሪኑ ላይ ዛፍ ብቻ ቆሟል። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩላቸው፤ ድኩላዋ ብዙ ቀን ጠብቃ ወደ ጫካ ሄዳለች ይላል።

«ትናንት አብልቻታለሁ! አንቺም አይተሻል!»

አይቻለሁ። እኔም ዞረብኝ። «ምን ነካክተው ነው?»

«ምንም። ሰዓቱን ብቻ። ጥግ ላይ ያለው ቀን ሃያ ሦስት ቀን ወደኋላ ቀርቶ ነበር፤ አስተካከልኩት። ታዲያ ምን አጠፋሁ?»

ወይ ጉዴ! ጨዋታው ቀን የሚቆጥረው በላፕቶፑ ሰዓት ነው። እሳቸው በአንድ ጣት ወደፊት ሲገፉት፣ ድኩላዋ ሃያ ሦስት ቀን ጦሟን አደረች ማለት ነው። ባስረዳ ባስረዳ አልገባቸው አለ።

«ሰዓቱ ስለተስተካከለ ራባት?»

«አዎ።»

«ተሳስቶ ሳለ ጠግባ ነበር?»

«አዎ፣ ጋሼ!»

በዚያችው ጣት ቀኑን ወደኋላ መለሱት። እኚህ ሰውዬ እያወቁ ሰዓት ሲያዛቡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ዛፉ እንደቆመ ቀረ።

«አደራ በላሁ» አሉ።

ላፕቶፑን እንደተከፈተ ጠረጴዛዬ ላይ ትተውት ወጡ፤ ሁለት ቀን ሱቃቸውን አልከፈቱም። በሦስተኛው ቀን ቤታቸው ድረስ ሄጄ እየጎተትኩ አመጣኋቸው፤ ልጅቷ ጋ ደወልኩና ስልኩን አስጨበጥኳቸው።

«የኔ እናት፣ ድኩላዋ ሄደች። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«የትኛዋ ድኩላ?» አለች ልጅቷ።

«አደራ ያልሽኝ።»

«እስካሁን ታበላት ነበር?» ከትከት ብላ ሳቀች። «እኔ እኮ ትቻታለሁ አባባ! እዚህ ብስክሌት እየተማርኩ ነው። እየጠሩኝ ነው፣ ቻው!»

ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። «ተገላገልኩ» አሉ፤ ግን አልተነሱም። «ደስ ሊለኝ ይገባል፣ አይደል?»

«ይገባል እንጂ።»

«ታዲያ ምነው ደስ አልል አለኝ?»

ላፕቶፑን በቀስታ ከደኑት።

«ነገ ጠዋትስ» አሉኝ፣ «ምን ብዬ ልምጣ?»

«ዝም ብለው ይምጡ!» አልኳቸው፤ ድምፄ እንደ ቁጣ ወጣብኝ።