የአባቴ ሁለተኛው ሞት

ሦስት ሆነው ነው የመጡት። እጃጂ፣ እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ከአራተኛ ክፍል በር ላይ ቆሙ። ዳይሬክተሩ፣ የሳይንስ መምህርቷ ፋንቱ፣ እንዲሁም የቤት አከራዬ እማማ ወለተ ማርያም። እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። መርዶ ነጋሪ ከፊቱ ያስታውቃል፤ ልጆቹ እንኳ አወቁ።

«አባትሽን ትንሽ አሟቸው ነበር» አለ ዳይሬክተሩ።

«ሞተ?»

«እንግዲህ… አርፈዋል። አይዞሽ ዱሬቲ።»

«ማን ነው ያረጋገጠው?» አልኩት።

ዳይሬክተሩ ፋንቱን አየ፤ ፋንቱ እኔን አየች። ሐዘኑ ናላዬን ያዞረው መስሏቸው እማማ ወለተ ማርያም ክንዴን ያዙኝ። ናላዬ አልዞረም። አባቴ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ሞቶ ያውቃል፤ ያን ጊዜም ሰው ሁሉ ልክ እንደዚህ እርግጠኛ ነበር።

አባቴ ተሬፋ አምቦ ላይ ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ ነው ያሳደገን። ኩራዝ፣ ጣሳ፣ አሸንዳ ይሠራል። ከዚያ ሌላ የሰፈራችን እድር ጥሩምባ ነፊ ነበር። ሰው ሲሞት ማለዳ ተነስቶ በየመንገዱ መገናኛ እየቆመ ይነፋል፤ ማን እንደሞተና ቀብሩ መቼ እንደሆነ በኦሮምኛም በአማርኛም ይለፍፋል። ጥሩምባውን ከቆርቆሮ ፍላጭ ራሱ ነው የሠራው። ሲበይደው አፉ ትንሽ ስለጠመመበት በግራ የከንፈር ጥግ ካልተነፋ ድምፅ አይሰጥም። በመሐል የነፋው ሰው የታነቀች ጥጃ ድምፅ ነው የሚያወጣው። ይህን ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ማወቅ የሚፈልግም አልነበረም።

በሞተ ሰው ላይ አይዋሽም። አንድ ሰፈሩን ሁሉ ሲከስ የኖረ ሰው የሞተ ጊዜ፣ «ኦቦ እገሌ አርፈዋል፤ የሚያዝን ይዘን፤ ቀብሩ በስድስት ሰዓት ነው» ብሎ ለፈፈ። የእድሩ ዳኛ ጠርቶ ሲቆጣው፣ «ሰዓቱን ተሳሳትኩ እንዴ?» አለ።

ታላቅ ወንድሜን ጉርሙን በ1970 ዓ.ም. ከቤት ወሰዱት። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበር። «ለጥያቄ ነው፣ ይመለሳል» አሉ። እናቴ ወርቅቱ ምሳ ስታመላልስ ሰነበተች፤ አንድ ቀን ምሳውን ከነአገልግሉ መለሱላትና «እዚህ የለም» አሏት። ከዚህ ሌላ የነገራት የለም። አንዱ ሱዳን ታየ አለ፤ ሌላው አቀረቀረ። እናቴ ያመነችው የመጀመሪያውን ነው። ለጉርሙ መርዶ ነጋሪ በራችን ላይ አልቆመም፤ በዚያን ጊዜ በእንዲህ ያለ ነገር ድምፅ አውጥቶ ማልቀስም አይቻልም ነበር። የሰፈሩን ሞት ሁሉ እየዞረ የሚናገረው አባቴ ለገዛ ልጁ አልነፋም። መንፋት ይኑርበት አይኑርበትም አያውቅም።

የመጀመሪያው ሞት በ1974 ዓ.ም. ክረምቱ ሲወጣ ነው። የሳንባ ምች ይዞት ከረመና አንድ ማለዳ ትንፋሹ ጠፋ። የሰፈራችን ድሬሰር ማዕረግ መጣ። እጁን ያዘ፣ ጆሮውን ደረቱ ላይ አደረገ፣ ዓይኑን ገልጦ በባትሪ አየው። «አበቃ» አለና አንሶላውን ፊቱ ላይ ሳበው። እኔም ነክቼዋለሁ፤ ቀዝቅዞ ነበር። አጠቡት፣ አገጩን በጨርቅ አሰሩት፣ ገነዙት። ድንኳኑ ተተከለ። ጎረምሶቹ መቃብር ሊቆፍሩ ሄዱ።

ከዚያ አንድ ነገር ጎደለ። ጥሩምባ የሚነፋው ሰው ጥሩምባ የሚነፋለት ሆኗል። ቆዳ ነጋዴው ረጋሳ፣ «ምን ይከብዳል?» ብሎ ጥሩምባውን ከሚስማሩ ላይ አወረደና ደጃችን ላይ ቆሞ በመሐል አፉ ነፋ።

እንዲያ ያለ ድምፅ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ደገመው። ሲሰልስ ሬሳው ተነፈሰ።

«ኩን ማሊ?» አለ አባቴ። ይሄ ምንድነው ማለቱ ነው። አገጩ ስለታሰረ በጥርሱ መሐል ነው የተናገረው። ቀጥሎም በአማርኛ፣ «በግራ በኩል በለው!» አለ።

ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሴቶች በበርም በመስኮትም ወጡ። ደረቷን እየደቃች «ምነው በእኔ በሆነ!» ስትል ያረፈደችው አክስቴ ጉዴ መስኮቱ ላይ ተቀርቅራ ከውጭ በሰው ተጎትታ ወረደች። ያልሸሸችው እናቴ ብቻ ናት፤ አገጩን ፈታችለት። ማዕረግ ተጠርቶ መጣ፣ እጁን ያዘ፣ እንደተበደለ ሰው ፊቱን አጥቁሮ፣ «አሁን አለ» አለ። ረጋሳ ነገሩን ማንም ስላልነገረው ውጭ መንፋቱን ቀጥሏል። ከዚያ ወዲህ በሄደበት ሁሉ፣ «እኔ ነኝ ያስነሳሁት» ይል ነበር። አባቴም አልካደውም። «እንዲያ እየተነፋ ማን ይተኛል?» ይላል።

የተቆፈረው መቃብር ግን ችግር ሆነ። የእድሩ ሽማግሌዎች የተከፈተ ጉድጓድ ባዶውን ካደረ ሌላ ሰው ይጠራል አሉ። ስለዚህ በአባቴ ፈንታ የእንሰት ግንድ ከነሥሩ ተቆርጦ መጣና ተቀበረ። ሬሳ ስላልሆነ ማንም አልተጨነቀለትም፤ ጉድጓዱን አጋምሰው በአፈር ሞሉና እንሰቱን ከላይ አጋድመው አፈር አለበሱት። እነዚህ ሁሉ እንሰት እየተከሉ ያደጉ ሰዎች ናቸው። እንሰት የሚፈላው እንዲያ ሲቀበር እንደሆነ አንዳቸውም ትዝ አላላቸውም። በሚቀጥለው ክረምት የአባቴ መቃብር አቆጠቆጠ።

አባቴ ደስታውን አልችለው አለ። ከጊንጪም ከጉደርም ዘመድ ሲመጣ፣ «ኑ፣ መቃብሬን ላሳያችሁ፤ ከእኔ ይልቅ እሱ ወፍሯል» እያለ ይዟቸው ይሄዳል። አንድ ቀን ለዳቦ መጋገሪያ ብሎ ቅጠሉን ቆርጦ አመጣ። እናቴ ቅጠሉን ለጎረቤት ላም ሰጠችው።

«ምን አለበት?» አላት።

«በባሌ መቃብር ቅጠል ጋግሬ ለባሌ አላበላም!» አለች።

እንሰቱ ገና ሳያቆጠቁጥ ጠያቂው በዝቶ ነበር። አንድ ሰው ከወዲያኛው ዓለም ደርሶ ከመጣ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ የሚተወው የለም። መጀመሪያ የመጡት የነፍስ አባታችን መምሬ ናቸው።

«መልአክ አላየህም ተሬፋ?»

«አይቻለሁ አባ። ጥሩምባ ይዟል። አነፋፉ ግን ከረጋሳ አይሻልም።»

መምሬ አማትበው ወጡ፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ትከሻቸው በሳቅ ሲነቃነቅ አየሁ። ከጸሎት ቤት የመጣው ወንጌላዊ ቀነዓ በበኩሉ ብርሃን ነበረ ወይ ብሎ ጠየቀው። እሱ በሌላ አገር ሞተው የተመለሱ ሰዎች ሁሉ ብርሃን አየን ማለታቸውን ሰምቷል።

«ብርሃንማ ነበረ» አለ አባቴ። «የማዕረግ ባትሪ ነው።»

በጣም የፈራነው የቀበሌውን ነው። የቀበሌው የውይይት ክበብ መሪ ዓብዲሳ፣ ከሞት በኋላ ምንም እንደሌለ ከራሱ ከሟቹ አፍ ለማስመስከር ፈልጎ አባቴን ስብሰባ ላይ አስቆመው።

«ጓድ ተሬፋ፣ ምንም አላዩም፤ አይደለም?»

«ወረፋ ነበር» አለ አባቴ።

«የምን ወረፋ?»

«እኔ እንጃ፤ የስኳር ነው የሚመስለው። ስጠብቅ ስጠብቅ ተራዬ ደረሰ። ካርድህ የዚህ ቀበሌ አይደለም ብለው መለሱኝ።»

አዳራሹ ሊስቅ ፈልጎ ዓብዲሳን ጠበቀ። ዓብዲሳ ነገሩ ቅሬታ ይሁን ቧልት ይሁን መለየት አቅቶት፣ «ይቀመጡ» አለው። እቤት ስንደርስ እናቴ፣ «አሁን ደግሞ አንተን እንዲወስዱህ ነው?» ብላ አልቅሳበታለች።

እናቴ ራሷ የጠየቀችው ከሁሉ በኋላ ነው። ምስር እየለቀመች ነበር፤ እሱ ኩራዝ ይበይዳል። ከሰፌዱ ላይ ቀና ሳትል፣ «ልጄን አየኸው?» አለችው።

አባቴ መበየጃውን አስቀመጠ። በሁሉም የሚቀልድ ሰው ቀልድ ሲፈልግ አየሁት። «ወረፋው ረጅም ነው ወርቅቱ» አላት መጨረሻ ላይ። «ሁሉንም አላየሁም።»

ለእሷ ግን በቂዋ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉርሙ ሞቷል ሊል የሚዳዳው ሰው ሲገጥማት፣ «አባቱ እንኳ ሞቶ ሄዶ እዚያ አላገኘውም» ትላለች። ገበያ ላይ ትላለች፣ ልቅሶ ቤት ትላለች። የሚስቅባት ነበር፤ ለእሷ ግን ቀልድ አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት የቆመችው በዚያች ቃል ላይ ነው።

እኔ እውነቱን የሰማሁት እጃጂ የተመደብኩ ጊዜ ነው። ፍራሼን ተሸክሞ መናኸሪያ ሸኘኝ። አውቶቡሱ እስኪሞላ ፍራሹ ላይ ተቀመጥን።

«አቦ፣ እውነት ምን አየህ?» አልኩት።

«ምንም አላየሁም። ሁሉን ነገር ግን እሰማ ነበር። የአክስትሽን የውሸት ለቅሶ ሳይቀር።»

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

«ከኋላዬ አንድ ሰው ጃርሳ አለኝ» አለ።

ጃርሳ ሽማግሌው ማለት ነው። አባቴን ገና ጠጉሩ ሳይሸብት እንዲያ ብሎ የሚጠራው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጉርሙ።

«ዞርክ?»

«አልዞርኩም። ብዞር አየዋለሁ። ካየሁት ደግሞ መጥቼ መንፋት አለብኝ። ከዚያ እናትሽ ምን ትሆናለች?»

ረዳቱ «ሞላ! ግቡ!» ይላል።

«ወይም ረጋሳ ይሆናል» አለ አባቴ ሲነሳ። «የፍየል ድምፅ ነው ያለው፤ ምኑ ይታወቃል? ለእናትሽ እንዳትነግሪያት ግን።» ፍራሼን ጣሪያው ላይ ሰቀለልኝና ሄደ።

እንግዲህ እነ ዳይሬክተሩ በዚህ ሚያዝያ መጥተው ሞተ ሲሉኝ፣ ማን አረጋገጠ ማለቴ ከዚህ የተነሳ ነው። አምቦ ስደርስ ጥያቄው የእኔ ብቻ እንዳልነበረ አየሁ። ማዕረግ ሸምግሏል፤ አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ «እኔ ከእንግዲህ ተሬፋን ሞተ አልልም፤ ሌላ ሰው ጥሩ» ይላል። እናቴ ሬሳው ካላደረ አይወጣም ስላለች አደረ። ሲነጋ አክስቴ ጉዴ መቀመጫዋን ከበሩ አጠገብ አደረገች።

ረጋሳ ጥሩምባውን አወረደ። ባለፉት ዓመታት አባቴ ጉልበቱ እየደከመ ሲሄድ እየተተካ ሲነፋ ለምዷል። ደጁ ላይ ቆሞ፣ በግራ የከንፈሩ ጥግ፣ ያለ አንዳች እንከን ነፋው። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁሉ ለቅሶአችንን አቁመን አልጋውን አየን። አባቴ ምንም አላለም። እኔ ያመንኩት ያን ጊዜ ነው።

ቀብሩ ላይም ጭቅጭቅ አልጠፋም፤ የራሱ መቃብር ተይዞበታል። እንሰቱን ንቀሉት ያለ ነበር። እናቴ እሺ አላለችም፤ «እንሰቱም የባሌን ቀን ነው የኖረው» አለች። ከእንሰቱ ጎን ቀበርነው።

ወር ሳይሞላው መንግሥት ተለወጠ። ልጆቻቸው በዚያ ዘመን የጠፉባቸው ሰዎች ድንኳን መትከል፣ ለቅሶ መቀመጥ ጀመሩ። ለአሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ታፍኖ የቆየ ለቅሶ ከየግቢው ሲወጣ ሰማን። ረጋሳ ባለፈው ሳምንት ጥሩምባውን ይዞ መጣ። ካሳየሁት ቦታ አልተቀመጠም፤ ቆሞ ነው የተናገረው።

«ወይዘሮ ወርቅቱ፣ አሁን የሚከለክል የለም። ለጉርሙ ልንፋ?»

«አባቱ ፊት ሄዶ አጣው» አለችው እናቴ። «አሁን ደግሞ ሄዷል፤ ጊዜም አለው። ካገኘው ይላክብኝ።»

ረጋሳ ወደ እኔ አየ። ጥሩምባውን ተቀብዬው ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩት።

አባቴ መናኸሪያ የነገረኝን ለእናቴ አልነገርኳትም። ለጉርሙ ጥሩምባ አልተነፋም።