የውሃ ተራ በስልክ

አባቴ የሰፈራችን የመስኖ የውሃ አባት ነው። የነገው ተረኛ ማን እንደሆነ አመሻሹ ላይ በየደጁ እየዞረ የሚናገረው እሱ ነው። ቆቦ ሜዳ ላይ ተራውን ያልሰማ ሰው ሽንኩርቱ ሲጠወልግ ቆሞ ማየት ነው ዕጣው። የአባቴ ጉልበት ግን ከዓመት ዓመት እያበጠ ሄደ። የኔ ሙያ ድረ ገጽ መሥራት ነው፤ ቤቴ ቁጭ ብዬ ለከተማ ሰዎች እሠራለሁ። ለሌላው እየሠራሁ አባቴ ሲያነክስ ማየት አንገበገበኝ። ስለዚህ የውሃ ተራ የሚያሳይ ገጽ ሠራሁ፤ ሰው ስልኩን ከፍቶ ተራውን ያያል፣ አባቴም እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል አልኩ።

በእኔ ኮምፒውተርና ስልክ ላይ ሸጋ ሆነ። ሙያው የሚያዘው ግን ድረ ገጽ በሚከፍቱት ፕሮግራሞች፣ በየብሮውዘሩ መሞከር ነው፤ አንዱ ላይ የሮጠ ኮድ ሌላው ላይ ንቅንቅ ላይል ይችላል። እኔም በየቤቱ እየዞርኩ «ይሠራል?» ብዬ ጠየቅኩ። «እጅሽ ይባረክ!» አሉኝ ሁሉም። ጎረቤታችን የሆኑት ባልቴት ደግሞ «ማሻአላህ፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል» አሉኝ። ደረቴን ነፍቼ ተመለስኩ።

አባቴ ግን ማምሻውን መውጣቱን አልተወም። «ወዴት ነው አባዬ?» ስለው «እግሬን ላፍታታ» ይለኛል። ያበጠ ጉልበት ምኑ ይፍታታል? አንድ ቀን ተከተልኩት። ባልቴቷ ደጅ ቆሞ «ነገ ተራው ያንቺ ነው» ሲላቸው ደረስኩ። ሴትዮዋ ሲያዩኝ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አደረጉ።

«እስቲ ስልክዎን ያሳዩኝ» አልኳቸው። ከፈቱት። ገጹ እንደታጠበ ነጠላ ነጭ ነው፤ አንዲት ፊደል የለበትም።

«ቁልጭ ብሎ ይታያል ብለውኝ አልነበር?»

«ምን ላርግ ልጄ፣ እንዲያ ደክመሽ መጥተሽ በምን ዓይኔ አይሠራም ልበልሽ?»

አባቴ መሬት መሬት ያያል። ለካ እሱም ያውቅ ኖሯል። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ወዲያው ሳቄ መጣ። ጨው የበዛበት ወጥ እየበላ «ይጣፍጣል» የሚል ሕዝብ ስለ ኮድ እውነቱን ይነግረኛል ብዬ!

ከዚያ ወዲያ መጠየቅ ተውኩ። ከየሰዉ እጅ ስልኩን እየተቀበልኩ በገዛ ዓይኔ አየሁ። ጥፋቱ ግልጽ ነበር፤ ኮዱን የጻፍኩት በአዲሱ አጻጻፍ ነው፣ የቆየ ብሮውዘር ደግሞ አንድ የማያውቀው ነገር ሲገጥመው ቀሪውንም ይተወዋል። በድሮው አጻጻፍ መልሼ ጻፍኩት። ኮዱ ጨርሶ ባይሠራ እንኳ የተረኛው ስምና ሰዓቱ እንዲታይ አደረግኩ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ እኔ ግን እያንጎራጎርኩ ነበር የሠራሁት።

ሲያልቅ ባልቴቷ ዘንድ ሄጄ «እስቲ ገጹን ይክፈቱት» ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስልኩን ከፍተው ከዓይናቸው ራቅ አድርገው አነበቡ።

«ውይ! ነገ ነው እንዴ? ቦዩን ሳልጠርገው!»

ዶማቸውን አንስተው እብስ አሉ። ምርቃት የለ፣ ደህና ዋይ የለ። ሳይመሰገኑ መቅረት እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር። ከዚያ የቀሩትንም ቤቶች አንድ በአንድ አዳረስኩ።

ሲመሽ አባቴ ዱላውን ይዞ ብድግ አለ።

«ማን ቀረ?» አለኝ።

«ማንም አልቀረም።»

ትክ ብሎ አየኝ። «ነግረውሽ ነው ወይስ አይተሽ?»

«አይቼ ነው፣ አባዬ።»

ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ጫማውን አወለቀ።