ለጆሮ የዋለው መብራት

ድሬዳዋ ተወልዶ ያለ ቬንትሌተር እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ካለ እኔ አላውቀውም። እኛ ቤት ልጅ የሚተኛው በእሹሩሩ ሳይሆን በቬንትሌተር ድምፅ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን ዝምታውም ይቀሰቅሰናል። ስለዚህ ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው በቢዮ አዋሌ ገጠር ድንኳን ተክለን ልናድር ስንነሳ መጀመሪያ ያዘጋጀሁት ስንቅ አልነበረም። ትንሿን ቬንትሌተር አወጣሁ፤ መብራት ሲጠፋ ይሆናል ብዬ የገዛሁትን ትልቁን ባትሪ አወጣሁ፤ ስፒከሩን፣ የድንኳኑን አምፖል፣ ፓወር ባንኩንና አንድ ፌስታል ሙሉ ገመድ ጨመርኩ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣ ካምፒንግ ነው የምንሄደው ወይስ ሱቅ ልንከፍት ነው አለኝ። ባትሪውን በፀሐይ የምትሞላውን ሶላርም ላምጣ ስል ግን ባጃጁ አይችልም፣ ትልቁ ባትሪ ይበቃል ብሎ አስቀረኝ። እኔም በባትሪዬ ስለምኮራ ክርክር አላበዛሁም።

ድንኳኑ የእኛ ምኞት ይሁን እንጂ ጉዞው የአባቴ ነበር።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የባቡር መካኒክ ነበር። ከጡረታ በኋላ ጆሮው ቀስ በቀስ ከዳው። ሰው እንዳያውቅበት ታዲያ አንድ ዘዴ ፈጠረ፤ ለሚነገረው ነገር ሁሉ "ተመስገን" ማለት ጀመረ። እንዴት አደርክ ሲሉት ተመስገን፤ ዝናቡ እንዴት ነው ሲሉት ተመስገን፤ ልጆቹ ደህና ናቸው ሲሉት ተመስገን። ብዙውን ጊዜ ልክ ይገባለታል። እኛም ቤት ውስጥ እንስቅበት ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት የድሮ የሥራ ጓደኛው ከቢዮ አዋሌ ሊጠይቀው መጣ። ዘመናቸውን ሙሉ አንድ ባቡር ሥር ተኝተው የጠገኑ ሰዎች ናቸው። ጓደኛው ረመዳን ሲጾም አባቴ ምሳውን ተደብቆ ይበላ ነበር፤ አባቴ ሁዳዴ ሲጾም ደግሞ ጓደኛው ሥጋ ይዞ አይመጣም ነበር። ጓደኛው ጡረታ ሲወጣ ወደ አባቶቹ መሬትና ወደ ፍየሎቹ ተመለሰ። እኛ ድሬዎች አንቱታ ብዙም አልለመደብንምና እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አንተ ነው የምለው። ያን ቀን በረንዳችን ላይ ተቀምጦ ዝግ ባለ ድምፅ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። አባቴ ፈገግ ብሎ "ተመስገን" አለው። ሰውየው ሻዩን ሳይጨርስ ተነስቶ ሄደ። ጓደኛው ሊነግረው የመጣው የበኩር ልጁን መሞት እንደነበር ከሌላ ሰው የሰማነው ከወር በኋላ ነው።

አባቴ ያን ዕለት እህል አልቀመሰም። ከዚያ ወዲህ ስልክ እንደውልለት ስንለው በስልክ ምን ልሰማ ይላል። እንሂድ ስንለው፣ ሄጄ ደግሞ ተመስገን ልበለው ወይ ይላል። በጅቡቲ በኩል የመስሚያ መሣሪያ ያስመጣሁለት ለዚህ ነው። ጆሮ ውስጥ የሚገቡ ሁለት ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ ሌሊት ሌሊት ሳጥናቸው ውስጥ ሆነው ቻርጅ ካልተደረጉ ግን በማግስቱ አይሠሩም። የመጀመሪያ ቀን ሲያደርጋቸው በባጃጅ ጡሩንባ ደነገጠ። ቀጥሎ የተናገረው፣ ቢዮ አዋሌ ውሰዱኝ የሚለውን ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ደረስን። አባቴ እንዳትመጣ ይለኛል ብሎ ስለፈራ አስቀድመን እንድንደውል አልፈቀደም ነበር፤ ጓደኛውም ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ነገ አመሻሽ ላይ ነው የሚመለሰው ተባልን። ሚስቱ ወተት ይዛ ተቀበለችን። ለአባቴ እቤት ውስጥ አነጠፈችለት። እኔና ባለቤቴ ከቤቱ በታች ድንኳን ስንተክል ደግሞ፣ ጣሪያ እያለ ሜዳ ላይ ማደር የጤና ነው ወይ ብላ ሳቀችብን።

ማታ የአባቴን መሣሪያዎች ከነሳጥናቸው ተቀብዬ ድንኳን ገባሁ። ባትሪው ላይ ስልኮቻችንና ቬንትሌተሩ ተሰክተው ስለነበር፣ ስልኮቹ ሲሞሉ ሳጥኑን እሰካለሁ ብዬ ጋደም አልኩ። ዳገቱ ላይ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፤ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩ። ባለቤቴም በጋቢው ተጠቀለለ። ቬንትሌተሩ ግን ይሽከረከራል። እኔ እሱ ይፈልገዋል ብዬ፣ እሱም እኔ እፈልገዋለሁ ብሎ፣ ማናችንም ሳናጠፋው ነጋ። በጋቢ ተጀቡኖ ቬንትሌተር ከፍቶ የሚያድር ከድሬ ሰው ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ጠዋት ባትሪው ሞቶ፣ ሳጥኑም ሳይሰካ አድሮ አገኘሁት። ፓወር ባንኩንም ባለቤቴ ማታ ኳስ ሲያይ ጨርሶታል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው ለካ ለእኔ ባትሪ ነው። አባቴ መሣሪያዎቹን ጆሮው ውስጥ ከተተ፣ በጣቱ ነካ ነካ አደረጋቸውና አየኝ። "ዝም አሉ" አለ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሁለት ዓመት የጠበቀው ቀን በእኔ ስንፍና ሊበላሽ ነው። ንዴቴን የምወጣበት ሳጣ ሶላሯን ያስቀረው ባለቤቴ ላይ ጮህኩ፤ እሱም ቬንትሌተሩን የጫነው ማነው ብሎ መለሰልኝ። አባቴ አፋችን ሲንቀሳቀስ ከእኔ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ እኔ ሲያይ ቆየና ለሁለታችንም ፈገግ ብሎ "ተመስገን" አለ።

ጩኸታችንን ሰምታ የወጣችው ሚስትየው ምን ሆናችሁ አለች። ሳጥኑን አሳየኋትና ምን እንደሆነ ነገርኳት። ለምን እንደመጣንም ነገርኳት፤ ስለ ልጃቸው ስጠቅስ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። ከዚያ መሣሪያዎቹን ከነሳጥናቸው ተቀበለችኝ። ጣሪያቸው ላይ የትሪ ያህል ሶላር አለች፤ ገመዷ ወርዶ አንድ አምፖል ካለባት ትንሽ ባትሪ ጋር ይገናኛል። እዚያ ላይ ሰካችልኝ። ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ደመና ነበር። በየደቂቃው እየገባሁ የሳጥኑን ቀይ መብራት አያለሁ፤ እሷም ሳቋን እያፈነች እንደ ችግኝ ውሃ ብታጠጪው ይሻላል ትለኛለች።

ጓደኛው ሊመሽ ሲል ዱላውን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣ። አባቴን ደጁ ላይ ሲያይ ቆመ። መሣሪያዎቹን አውጥቼ ለአባቴ ሰጠሁት፤ አንዱን ራሱ አደረገ፣ ሌላውን እኔ አደረግኩለት። ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ። እቤት ገብተው ሲቀመጡ አባቴ ስለ ጤናም ስለ ዝናብም አልጠየቀም።

"ያኔ አልሰማሁህም" አለው። "ስለ ልጅህ እንደ አዲስ ንገረኝ።"

ጓደኛው ነገረው። በአማርኛ ጀምሮ ሲከብደው ወደ ኦሮምኛ ይሻገራል፤ አባቴ ሁለቱንም ይሰማል። ልጁ ሕፃን ሳለ ባቡሩ ላይ ሲያወጡት ያለቀሰውን፣ አድጎ ፍየሎቹን በየስማቸው ሲጠራ የነበረውን፣ በሽታው እንዴት እንደጀመረውና በመጨረሻ ምን እንደጠየቀ ነገረው። አባቴ እንባውን በመዳፉ እየጠረገ ብቻ ያዳምጣል።

ጨለመ፤ መብራት የሚያበራ ግን ጠፋ። የሐዘን ወግ ይሆናል ብዬ ጥቂት ቆየሁና ወደ ሚስትየው ጠጋ ብዬ ላብራው ወይ አልኳት።

"የዛሬው ፀሐይ ለሁለቱ አይበቃም ነበር" አለችኝ በሹክሹክታ። "ለጆሮው ሰጠሁት።"

ጠዋት ሳጥኑን ስትሰካ ማታ በጨለማ እንደሚቀመጡ ታውቅ ነበር፤ አንድም ቃል ግን አልተነፈሰችም። እኔ ያን ሁሉ ኮተት ተሸክሜ ሄጄ ለአባቴ ያላደረግኩትን እሷ በአንዲት አምፖሏ አደረገችለት። እጇን ፈልጌ ሳምኩት።

ጓደኛው ተርኮ ሲጨርስ ወደ አባቴ ዞረ።

"አቦ፣ አሁን በለዋ" አለ።

"ምን ልበል?"

"ያኔ ያልከውን። ያን የመሰለ ልጅ ሰጥቶ ያን ያህል ዓመት አብሮኝ ያኖረውን አመስግንልኝ። ያኔ ቀደምክ እንጂ አልተሳሳትክም።"

አባቴ "ተመስገን" ሲል ድምፁ ተሰበረ። ጓደኛውም በጨለማው ውስጥ "አልሃምዱሊላህ" ብሎ መለሰለት።